የጋሽ ሄራሞ ሣር

የጋሽ ሄራሞን ማረፍ የነገረችኝ ፀጉሯን ላደርቅ ካስክ ሥር ያስቀመጥኳት ደንበኛዬ ናት። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር እሷም እየጮኸች ነው የነገረችኝ።

«ሄራሞ ሞተ አሉ! ያ ሣሩን ለሕዝብ የሰጠው ሰውዬ!»

«አልሰጠም» አልኳት።

«ምን?» አለች ካስኩን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ።

«አልሰጠም! ተወሰደበት!»

ሴትዮዋ ደንግጣ ካስኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ ደፋችው። እኔም የያዝኩትን የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። በቁሙ የተነጠቀውን ሰው ሲሞት ለጋስ ማድረግ የከተማችን ሰው ያውቅበታል። በሆሳዕና ከተማ እንደ ሟች ቸር የለም።

ጋሽ ሄራሞ አከራዬ ነበር። ፀጉር ቤቴን የከፈትኩት ወደ አስፋልቱ በምታየው የቤቱ የዳር ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ አንቱ ብዬው ነበር። «እኔ ሹፌር ነኝ፤ አንቱታ ለሹም አስቀምጪው» ብሎ ስላስተወኝ እስከ መጨረሻው አንተ እንዳልኩት ቀረሁ። ረዥምና ቀጭን ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የአይሱዙ መስኮት ላይ ተደግፎ ስለነዳ ግራ ክንዱ ከቀኙ ይጠቁራል። ድንች ከሆመቾ ይጭናል፣ በአዲሎ በኩል አድርጎ ሻሸመኔ ያደርሳል፣ ሲመለስ ያገኘውን ጭኖ ይመጣል። አማርኛው ለጨዋታ ይበቃዋል፤ ሲናደድ ግን ያንሰውና በሀዲይኛ ይጨርሰዋል።

ግቢ አልነበረውም። ግቢ አጥር ያለው ነገር ነው፤ እሱ አጥር አልነበረውም። የነበረው ቤቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከቤቱ ፊት ደግሞ እስከ አስፋልቱ ድረስ የተንጣለለ ሣር ነው። በሀዲያ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንሰት ከጓሮ፣ ሣር ከደጅ። ጓሮው የቤተሰብ ነው፤ ደጁ የአገር ነው። ሰው ሲሞት የሚለቀሰው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ሙሽራ የሚሸኘው እዚያ ላይ ነው። ደጁን ያጠረ ሰው «አትምጡብኝ» እንዳለ ይቆጠራል። አባትየው ያንን ቤት ሲሠሩ ቦታው ገጠር ነበር። «እኛ ከተማ አልገባንም፤ ከተማው ነው እኛ ቤት የገባው። እንግዳ ነውና ግባ አልነው» ይል ነበር ጋሽ ሄራሞ።

ጎረቤቶቹም ድሮ እንደሱው ደጃቸው ሣር ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን ሁሉም አጥረውታል። አንዱ ሱቅ ሠርቶበታል፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ የመኪና ማጠቢያ። የቀረው የእሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ እዚያ ነበር። የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች የሚዘምሩት እዚያ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ የሚቀመጠው እዚያ።

እሱም ያንን ሣር እንደ ልጅ ነበር የሚይዘው። መንገድ ካልወጣ ጠዋት ተነስቶ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል በእንጨት እየወጋ ይለቅማል፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በማጭድ ያስተካክላል፣ ያጨደውን ላም ላለው ጎረቤት ይሰጣል። የሚከለክለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መኪና ማቆምና መትፋት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳየው «ሰናይት፣ ሁለታችንም ፀጉር ቆራጭ ነን። የኔ ደንበኛ አያወራም፤ በዚህ እበልጥሻለሁ» ይለኛል።

አንድ አባባል ነበረው። «መኪና ዳገት ላይ አይገለበጥም። ዳገት ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል። የሚገለበጠው ሜዳ ላይ ነው።» ይህን ሲል የሚነዳበትን የዱራሜን መንገድ አስቦ ነበር የሚናገረው እንጂ ደጁን አስቦ አልነበረም።

ሚስቱ እትዬ ታደለች የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ቆጮና ቡላ ነጋዴ። ገበያ የዋለ ሰው ስለሆነች ሰውን ታውቃለች። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ የሚነግድ ሰው መጥቶ ሣሩን ለማከማቻ እንዲያከራየው ጠየቀ። ጋሽ ሄራሞ ሳቀ። «ነገ ሰው ቢሞት የት እናስቀምጠው? ሲሚንቶው ላይ?» ብሎ ሸኘው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ እትዬ ታደለች ከውስጥ ወጣች።

«አታከራየው፣ እሺ። ግን እጠረው። ማገርም ቢሆን፣ ሽቦም ቢሆን ጣልበት።»

«ለምን?»

«የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነዋ!»

«ይታወቃል።»

«ማን ያውቃል?»

«ሰው ያውቃል» አለ። «ታደለች፣ ሰው መጥቶ ይሄ ሣር የማነው ቢልሽ የኔ ነው ትያለሽ? አታፍሪም?»

«አላፍርም!»

«እኔ አፍራለሁ» ብሎ ማጭዱን አንስቶ ሄደ። አገሩ እንደዚህ ነው። ቤቴ ይባላል፣ እንሰቴ ይባላል፣ ከብቴ ይባላል፤ ሣሬ የሚል ወንድ ግን የለም። ቢል ይሳቅበታል።

አጠገቡ አቶ ማቴዎስ የሚባሉ ቆርቆሮ አከፋፋይ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የተከበሩ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሰው። እናታቸው ያረፉት በሐምሌ ዝናብ ነው። የአቶ ማቴዎስ ደጅ ከዳር እስከ ዳር መጋዘን ስለነበር ለቅሶው እንደ ልማዱ ወደ ጋሽ ሄራሞ ሣር መጣ። የእድሩ ድንኳን ዝናቡን አልቻለውም፤ ውኃ አቆረና በአንድ በኩል ተቀደደ። ልክ በዚያ ሰዓት ጋሽ ሄራሞ ድንች ጭኖ ከሆመቾ ይደርሳል። ከመኪናው ሳይወርድ ነገሩን አየ። የማያስነካውን ሣር በገዛ ጎማው እየጨፈለቀ አይሱዙውን ድንኳኑ አጠገብ አቆመ፣ የጭነቱን ሸራ ፈታ፣ አንዱን ጫፍ ከመኪናው፣ ሌላውን ከቤቱ ክዳን ጋር አሰረ። ድንቹ በዝናብ ተበላሸ። ባለ ጭነቱ እየደወለ ይሰድበዋል፤ እሱ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞ «እናት ሞታ ነው፣ እናት ሞታ ነው» ይላል። የማን እናት እንደሆነች አልተናገረም።

የለቅሶው መጨረሻ ላይ አቶ ማቴዎስ ተነስተው አመሰገኑ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ወገኖቼ፣ ይህ ሣር የሄራሞ አይደለም። ይህ ሣር የሁላችን ነው» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ጋሽ ሄራሞ በደስታ ፊቱ በርቶ፣ የሚገባበት ጠፍቶት አንገቱን ደፋ። ለእሱ ከዚያ የበለጠ ሽልማት አልነበረም።

ከዚያ ማስተር ፕላኑ ተከለሰ። ከማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ጠሩንና የእኛ ሰፈር፣ አስፋልቱን ይዞ ያለው መኖሪያ በሙሉ፣ የንግድ ቀጠና ሆኗል አሉን። ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። አስፋልት ዳር በቂ ፊት ያለው ይዞታ የያዘ ሰው የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቃል፣ ከመኖሪያ ወደ ንግድ ያዞራል፣ ጂ ፕላስ ሦስት ይሠራል፣ ይቀመጣል። ብቻውን ካልቻለ ከባለገንዘብ ጋር ይሠራል። ፊቱ የማይበቃ ወይም አስፋልቱን የማይነካ ግን ቤቱ ይነሳና ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም በሐሳቡ ፎቅ እየሠራ ነበር።

ጋሽ ሄራሞም ደስ ብሎት ወጣ። ከሁሉም ሰፊ ፊት ያለው እሱ ነው። ከእሱ ጋር መሥራት የሚፈልግ ባለገንዘብም ወዲያው ተገኘለት። ሰውየው መሐንዲስ ይዞ መጣና ሣሩ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። እኔ የደንበኛ ፀጉር እየሠራሁ በመስኮት እሰማለሁ።

«ፎቁ በእግሩ ይቁም» ይላል ጋሽ ሄራሞ፣ እጆቹን እንደ ምሰሶ አቁሞ እያሳየ። «ላዩ ሱቅ ይሁን፣ ባንክ ይሁን፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ሥሩ ግን ክፍት ይሁን።»

«ለመኪና ማቆሚያ ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ለለቅሶ ነው።»

መሐንዲሱ ሳቀ። «ጋሼ፣ ከሁሉም ውድ የሚከራየው እኮ ምድር ቤቱ ነው!»

«ይቅራ! ሰው ሲሞት ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል እንዴ?»

ባለገንዘቡ አልሳቀም፤ እናስብበታለን አለ። ጋሽ ሄራሞ ግን እንዳለቀ ቆጥሮት ለመጣ ለሄደው ሁሉ የፎቁን እግር ሲያሳይ ሰነበተ።

የሚለኩት ልጆች ሜትራቸውን ይዘው የመጡ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ተከትሏቸው ነበር። የሁሉንም ይዞታ አጥር አጥሩን እየተከተሉ ለኩ። በድሮ ይዞታ ልኩ አጥር ነው፤ አጥር ከሌለ የባለቤቱ ቃልና የጎረቤት ምስክርነት ነው። ጋሽ ሄራሞ ዘንድ ሲደርሱ ዙሪያውን ቢያዩ አጥር የለም።

«አባባ፣ የእርስዎ ይዞታ እስከ የት ነው?» አለው ጽሑፉን የያዘው ልጅ።

ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ከቦ ቆሟል። አቶ ማቴዎስ አሉ፣ የእድሩ ዳኛ አለ፣ በዚያ ሣር ላይ ያላለቀሰ አንድ ሰው የለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሣሩ የኔ ነው» ማለት ለእሱ ሱሪን ማውለቅ ነበር። ዕድሜ ልኩን እንደሚለው አለ።

«ቤቱና እንሰቱ የኔ ነው። ሣሩ የሁሉም ነው።»

ልጁ መጻፍ ጀመረ። እትዬ ታደለች የሰማችው ከውስጥ ሆና ነው። ቆጮ ስትጨምቅ ከነበረበት እጇን ሳትታጠብ ወጣች።

«እስከ አስፋልቱ ነው! እስከ አስፋልቱ ብለህ ጻፍ! የአባቱ ነው!»

«ታደለች!» አለ ጋሽ ሄራሞ በሰው ፊት አፍሮ። «ሰው ቆሞ!»

«ይቁም! ይስማ! እስከ አስፋልቱ ነው!»

እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ወጥቼ የእሱ ነው፣ ያጨደው የለቀመው እሱ ነው አልኩ። ልጁ «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። ተከራይ ነኝ ስለው ተከራይ አያገባውም ብሎ ጽሑፉን ቀጠለ። ከጎረቤቶቹ አንድም ሰው አልተነፈሰም። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ዝምታቸው ብዙም አልከነከነኝም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ የጋሽ ሄራሞ ይዞታ ቤቱና እንሰቱ ሆነ። ሣሩ «ክፍት የጋራ ቦታ» ተባለ። ሣሩ ከፊቱ ሲነሳ ቤቱ አስፋልቱን አይነካም፤ አስፋልቱን ካልነካ ንግድ አይሆንም፤ ንግድ ካልሆነ ይነሳል። ባለገንዘቡም ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አላነሳም።

ጋሽ ሄራሞ አቤቱታ አቀረበና ኮሚቴ ተቀመጠ። እትዬ ታደለች እንድደግፋት ስለፈለገች አብሬ ሄድኩ። ያን ቀን የተናገረውን አልረሳውም።

«ልጆቼ፣ የተናገርኩት እንደ ደንባችን ነው። የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ቆሞ አሳድሩኝ ሲል ቤት የእግዜር ነው ትሉታላችሁ። ታዲያ ሲነጋ እንግዳው ቤቱን ይወስደዋል? እኔም ሣሩ የሁሉም ነው ያልኩት ተቀመጡበት ብዬ ነው፣ አልቅሱበት ብዬ ነው። ውሰዱት አላልኩም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱን ነቀነቀ። «ገብቶናል፣ አባቴ። ጎረቤቶችህ ይዞታው የአንተ ነው ካሉ ቃልህን እናርማለን» አለ። ጋሽ ሄራሞ ተነፈሰ። ጎረቤት ከተጠየቀማ አለቀ ብሎ ነው። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ሁሉ አለ።

መጀመሪያ የተጠሩት አቶ ማቴዎስ ናቸው።

«ቦታው የአቶ ሄራሞ የግል ይዞታ ነው ወይስ የጋራ?»

አቶ ማቴዎስ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እኔ የእግዚአብሔር ሰው ነኝ፤ ሐሰት አልናገርም። ሣሩ የሁላችን ነው። እናቴን የሸኘሁት እዚያ ላይ ነው።»

ሁለተኛው ምስክር ልጁን የዳረው እዚያ ላይ እንደሆነ ተናገረ። ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ ነው፤ ድንኳኑ ሁልጊዜ እዚያ እንደሚተከል፣ ለዚህም ኪራይ ከፍለው እንደማያውቁ አስረዳ። ኪራይ አለመክፈላቸውም በጋሽ ሄራሞ ላይ ማስረጃ ሆነ።

ማናቸውም ሐሰት አልተናገሩም። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። ቢዋሹ ኖሮ ውሸታም ብዬ ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። የሰውየውን ደግነት አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ በእያንዳንዷ ደግነት አንድ አንድ ምስማር መቱበት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። አጥር የሌለውን ግን ሳይንቁትም፣ እያመሰገኑትም ይወስዱታል።

ስንወጣ ጋሽ ሄራሞ አቶ ማቴዎስን በር ላይ ጠበቃቸው። የሚጣላ መስሎኝ ነበር። «ማቴዎስ፣ የሁላችን ከሆነ እኔም አለሁበት አይደል?» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከሁላችን ውስጥ እኔን ማን አወጣኝ?»

አቶ ማቴዎስ «ለሁሉም እንጸልይ» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ከዚያ የሆነውን ከተማው ያውቃል። ሣሩ በሊዝ ወጣ። የሰፈሩ ሰዎች ተሰባስበው አክሲዮን አቋቋሙና ወሰዱት፤ ሰብሳቢው አቶ ማቴዎስ ሆኑ። ቤቱ ፈረሰ፣ እንሰቱ ተነቀለ። አንድ እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ሰው ያን ቀን እዚያ ባይገኝ ይሻለዋል። እትዬ ታደለች የሚተከለውን ችግኝ እየለየች በጆንያ አሰረች፤ ጋሽ ሄራሞ ግን አንድ ነገር አልነካም። አይሱዙው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። እኔም ዕቃዬን ጭኜ አሁን ያለሁበት መናኸሪያ ጀርባ ወረድኩ። ሣሩ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ቆርቆሮ ይሸጥበታል።

ጋሽ ሄራሞ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ወደ አዲሱ ፀጉር ቤቴ መጥቷል። የሴቶች ነው ሳልል አስቀምጬ ፀጉሩን ቆረጥኩለት። እንደ ድሮው ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ሰናይት፣ ያን ቀን የዋሸ ሰው ነበር?» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩት።

«እኔም አልዋሸሁም።»

«አንተም አልዋሸህም።»

«ታዲያ እንዴት ነው ይሄ ነገር?» አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። አንገቱ ላይ የቀረውን ፀጉር አራገፍኩለት። ሒሳብ ልክፈል ሲል አይሆንም አልኩት። ተቆጣ፤ በሀዲይኛ የሆነ ነገር ተናግሮ ብሩን ወንበሩ ላይ ትቶት ወጣ። የጋሽ ሄራሞ የነጻ ነገር መጥላት ያኔ ነው የጀመረው።

ለቅሶው ቀን ደንበኞቼን ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። ምትክ ቦታው በሆመቾ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ እስከዚያ ቀን ሄጄ አላውቅም። ስንደርስ ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ቆሟል። ለምን እንዳልገቡ ያወቅሁት ቀረብ ስል ነው። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ቦዩ አፋፍ ድረስ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ደጅ እንኳ ሳይተርፍ። በሩ ለአንድ ሰው የምትበቃ ናት። ቤቱ ገና በጭቃ አልተመረገም፤ አጥሩ ግን ብሎን በብሎን ነው። ጎረቤቱ እንደነገረኝ ሰውየው መጀመሪያ የሠራው አጥሩን ነው፤ ባልና ሚስቱ በሸራ ውስጥ እያደሩ።

የድሮው ሰፈር ሰው በሙሉ መጥቶ ነበር። እድሩ ድንኳን ጭኖ መጥቷል፣ የሚተክልበት ግን የለም። አቶ ማቴዎስም አሉ፤ አርጅተዋል። አጥሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ይቺን አንዷን ጎን ለዛሬ እንፍታት። ማታ መልሰን እንመታታለን። ሰው እንዲህ ቆሞ አያለቅስም፤ ነውር ነው» አሉ። ራሳቸው ቀድመው የቆርቆሮውን ጫፍ ያዙ።

እትዬ ታደለች ነጠላዋን አገልድማ በጠባቧ በር ወጣች። አላለቀሰችም።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ልቀቀው።»

«ታደለች፣ ለእሱ ክብር እኮ ነው። የሚቀመጥበት ለሌለው ሁሉ ደጁን የሰጠ ሰው...»

«አይነካም ብሏል» አለች። «ለለቅሶዬም ቢሆን አይነካም፤ የመጣ ሰው በቆመበት ያልቅስ ብሏል።»

አቶ ማቴዎስ ቆርቆሮውን ለቀቁ። ወጣቶቹ ድንኳኑን ወደ መኪናው መለሱት፤ እኛም መንገዱ ዳር ተደርድረን ቆመን አለቀስን። ድንች የጫነ አይሱዙ ከሆመቾ በኩል መጣና ጡሩምባ ነፋብን። ወደ ቦዩ ተጠግተን አሳለፍነው።